ጠጅ ጣይዋ አክስቴ በሪዮሃ

አክስቴ አዲስ አበባ ውስጥ ጠጅ መጣል ከጀመረች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። የሰፈሩ ሠርግና ክርስትና ያለ እሷ ጋን አይደገስም። ባለፈው ክረምት ልጇን ልትጠይቅ እኔም ወደምኖርበት ወደ ፍራንክፈርት መጣች። አንድ ምሽት እራት ላይ ከሱቅ የገዛሁትን ቀይ ወይን ቀዳሁላት። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሳች፣ አሸተተችው፣ ትንሽ ተጎንጭታ አፏ ውስጥ አቆየችው። «ይሄ እንጨት ውስጥ የከረመ ነው» አለች። «የት አገር ነው የሚጠምቁት?»

ጠርሙሱ ላይ የስፔኗ ሪዮሃ ተጽፏል። ቪዛዋ ለስፔንም ይሠራል፤ እኔም የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ነበረኝ። የመስከረም መጨረሻ የለቀማ ወቅት መሆኑን ሳውቅ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ።

እትዬ ነው የምላት፤ እዚህም እንደዚያው እጠራታለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የታሪኩ ዓመቶች ግን እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ዓርብ፣ መስከረም 24 ቀን 2017፦ ከቢልባኦ ወደ አሮ

ከፍራንክፈርት ሰሜን ስፔን ወዳለችው ቢልባኦ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። መኪና ለመከራየት የቆምነው ሰልፍም ከዚያ ብዙ አያንስም። ኢንተርኔት ላይ ለስድስት ቀን 190 ዩሮ የተባለው መኪና፣ መስኮቱ ጋ ስንደርስ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካልገባችሁ 1,200 ዩሮ መያዣ ካርዳችሁ ላይ ይታገዳል ተባለ። ደክሞን ስለነበር 84 ዩሮ ከፍዬ ገባሁ። ኢንሹራንሱ ጎማን እንደማይጨምር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ያወቅኩት ሰኞ ዕለት ነው።

ከቢልባኦ እስከ ሪዮሃዋ ከተማ አሮ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የክፍያ መንገድ ስለሆነ ይፈሳል። የመጀመሪያው ግማሽ ጉም የለበሰ፣ ጥድ የሞላበት አረንጓዴ ተራራ ነው። እትዬ መስኮቱን ከፍታ «እንጦጦ እንጦጦ ይሸታል» አለችኝ። ከዚያ ኤብሮ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ኮንቻስ የሚባል ጠባብ በር አለ። እሱን እንዳለፍን ጉሙ ከኋላችን ቀረ፤ ፊት ለፊታችን ፀሐይ የሞላበት ሜዳ ተዘረጋ፤ ሜዳው እስከ አድማስ ወይን ብቻ ነው። የሪዮሃ ምስጢር እዚች በር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በሰሜን ያለው የካንታብሪያ ሰንሰለት ከአትላንቲክ የሚመጣውን ብርድና ዝናብ ይይዝላታል፤ በደቡብ የዴማንዳ ተራሮች ይከልሏታል፤ እሷ በመሃል ወንዟን ይዛ ትሞቃለች።

መንገድ ዳር አቆምን። አሮጌዎቹ ተክሎች ሽቦ ላይ አልተዘረጉም፤ እያንዳንዱ ብቻውን እንደ ቁጥቋጦ የቆመ፣ ከጉልበት ብዙም የማይዘል፣ ግንዱ የተጠማዘዘ ነው። «ጌሾ አይመስልም?» አለች። ቅጠሉን ቆርጣ በጣቶቿ አሸችና አሸተተችው። «ሽታ የለውም። የዚህ ነገሩ ሁሉ ፍሬው ላይ ነው።»

አሮ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ቁርስ ከበላን ብዙ ቆይተናል። የገባንበት ምግብ ቤት ሁሉ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ ከምሽቱ ሁለት ተኩል በፊት አይከፈትም አሉን። ስፔን ለምትሄዱ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው፦ ምሳ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ብሉ፤ ካለፈ አለፈ ነው። እኛን ያዳነን የእትዬ ቦርሳ ነው። ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው ገብስና ሽምብራ ቆሎ ነበር፤ የሆቴሉ አልጋ ላይ ተቀምጠን በላን። ክፍሉ ሁለት አልጋ ያለው ሆኖ 75 ዩሮ ነው።

ማታ ሰላም አደባባይ ከሚሉት ቦታ ተነስተን ኤራዱራ ወደሚባለው የመጠጥ ቤቶች መንደር ወጣን። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ እትዬ ጦመኛ ናት፤ ሆኖም በተጠበሰ ቀይ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርት በተቁላላ እንጉዳይና በዳቦ ጠገበች። አንድ ብርጭቆ ወይን 2 ዩሮ ነው። ያኔ አንድ ዩሮ ከ120 ብር በላይ ስለነበር ዋጋውን ሁሉ ወደ ብር እየመታች ነው የምትጠጣው። በዚህ ሂሳብ እንኳ «እንዲህ ላለ ወይን አልተወደደም» ብላለች።

አሳላፊው ጠርሙሱን አዙሮ የጀርባውን ማኅተም አሳየን። አረንጓዴው ዕድሜው ያልተነገረለት ነው። ቀዩ ክሪያንዛ ይባላል፤ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ ነው። ሬሴርቫ ሦስት ዓመት ነው። ሰማያዊው ግራን ሬሴርቫ አምስት ዓመት ይሞላዋል፤ ከዚህ ቢያንስ ሁለቱ የበርሜል ናቸው። እኔ ስተረጉም እትዬ አቋረጠችኝ። «እኛ ጋ ሰው ሲገባ ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ብሎ ነው የሚያዝ። እነሱ ግን የሚያዙት ዕድሜ ነው ማለት ነው?» በትክክል እንደዚያ ነው። የጠጅ ቤታችን ጥያቄ ስለ ማሩ ነው፤ የነሱ ስለ ጊዜው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 25፦ የባቡር ጣቢያው ሰፈር

ትላልቆቹ የወይን ቤቶች፣ ቦዴጋ የሚሏቸው፣ አሮ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ተጎራብተው ተቀምጠዋል። ምክንያቱ አንዲት ሥር የምትበላ ነፍሳት ናት። ፊሎክሴራ የምትባለው ይህች ተባይ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የፈረንሳይን ወይን ስታጠፋ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ተራራውን ተሻግረው ወደዚህ መጡ። ባቡሩ ደርሶ ስለነበር በርሜሉ ከጓዳ ወጥቶ ፉርጎ ላይ፣ ከዚያ በቢልባኦ ወደብ መርከብ ላይ ይጫናል። ገንዘቡ አሮን አሳደጋት፤ በ1890 ጎዳናዋን በኤሌክትሪክ ካበሩ የመጀመሪያዎቹ የስፔን ከተሞች አንዷ ሆነች። መንገደኞች ከሩቅ ሲመጡ «አሮ ደረስን፣ መብራቱ ታየ» ይሉ ነበር፤ አባባሉ ዛሬም አለ። ተባይዋ በ1899 ሪዮሃንም አገኘቻት፤ የተረፉት ተባዩን በሚችል የአሜሪካ ሥር ላይ እያዳቀሉ በመትከል ነው።

ጠዋት በ1877 የተመሠረተው ሎፔዝ ዴ ኤሬዲያ ገባን። ጉብኝቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ለእትዬ በጆሮዋ እያሾከሾክሁ እተረጉማለሁ። ከአለት የተፈለፈለው ምድር ቤት ሲወረድ ቅዝቃዜው ፊት ላይ ይመጣል። ግድግዳው ሻጋታ ለብሷል፤ ከጣሪያው የሸረሪት ድር እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። አስጎብኚዋ ድሩን ሆን ብለው እንደማይጠርጉት ነገረችን፤ ሸረሪቶቹ የጠርሙሱን ቡሽ የሚበላውን ብል ይይዙላቸዋል። አሮጌ ጠርሙሶች የተደረደሩበትን ክፍል «መቃብር» ይሉታል። ስሙን ስተረጉምላት እትዬ አማተበችና፣ ሻጋታ የለበሰውን አንገታቸውን ቀና ብላ እያየች «ተኝተው ነው እንጂ የምን መቃብር» አለች።

መጨረሻ ላይ ቪዩራ ከሚባለው ነጭ ወይን የተሠራ፣ ዕድሜው ከአሥር ዓመት ያለፈ ነጭ ወይን ተቀዳልን። ሁለታችንም ዝም አልን። ቀለሙ የጠጅ ነው። የደረቀ ወርቅማ፣ ብርሌ ውስጥ ብታስገቡት ማንም የማይጠራጠረው የጠጅ ቀለም። ሽታው ላይ ማር አለ፣ ለውዝም አለ፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጣፋጭነት የሚባል የለውም፤ ደረቅ፣ ስል፣ ረጅም ነው። እትዬ ሁለተኛ ተጎነጨች። «ማሩ ሄዶ ትዝታው ቀርቷል» አለች። ስለዚያ ወይን ከዚህ የተሻለ የሰማሁት ነገር የለም።

ምሳ ላይ በሰዓቱ ደረስን! የበግ ጎድን በወይን ቅርንጫፍ እሳት የሚጠበስበት ቤት ነው። ክረምት ላይ ሲገረዝ የተቆረጠው ቅርንጫፍ በእስር በእስር ይደርቃል፤ ሲለኮስ ቦግ ብሎ ይነድና ፍሙ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ሥጋው የጣት ውፍረት ያለው ትንሽ ጎድን ብቻ ነው፤ እሳቱ ላይ ብዙም አይቆይም። ጨው ብቻ ነው ያለው። እትዬ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች። አንድ ሳህን 18 ዩሮ፤ ሁለተኛ አዘዝን፤ በማግስቱ ጽጌ ስለሚገባ ሥጋ የምትበላበት የመጨረሻው ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሙጋ። ይህ ቤት በርሜሉን የሚሠራው ራሱ ነው። አናጺው የኦክ እንጨት ሳንቃዎችን በብረት ቀለበት አንድ ጫፍ ላይ አስሮ፣ እንደ ቀሚስ ተበትኖ የቆመውን እንጨት ትንሽ እሳት ላይ ያቆመዋል። ውስጡን እሳቱ ይለበልበዋል፣ ውጪውን በውኃ ያረጥባል፤ እንጨቱ ሲላላ በቀለበት ይጎትተዋል፤ ቀስ በቀስ ሆድ ያለው በርሜል ይሆናል። ሲያልቅ 225 ሊትር ይይዛል። ጭሱ ወደኛ ሲመጣ እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ያጥኑታል!» አለች። «አየህ፣ ያጥኑታል!»

እሷ ጠጅ ከመጣሏ በፊት ጋኑን በጌሾ አጥባ፣ አድርቃ፣ በወይራ ፍም ላይ ትደፋዋለች። ጭሱ ሸክላው ውስጥ ካልገባ ጠጁ ጠጅ አይሆንም። ይህን ለአስጎብኚው ነገርኩት፤ እሱ ለአናጺው ነገረው። አናጺው እሳቱን ትቶ መጣና ሙቀቱ ገና ያልለቀቀውን የበርሜል ውስጥ እንድታሸት አደረጋት። ጭንቅላቷን አስገብታ ቆየች። ቡና፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ቫኒላ ነው የሸተተኝ እኔን። እሷ ግን የምትፈልገው ሌላ ነው፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚለበለብ፣ ፍሙ የምን እንጨት እንደሆነ ጠየቀች። ፍሙም ያው ኦክ ነው። ሲለየን ከወለሉ ላይ መዳፍ የምታህል የተለበለበች ቁራጭ አንስቶ ሰጣት፤ በመሐረብ ጠቅልላ ያዘቻት።

ቀጥሎ ያየነው ነገር ግን ሐሳብ ላይ ጣላት። ወይኑን የሚያጠሩት በእንቁላል ነጭ ነው። አስኳሉን ለይተው ነጩን ወይኑ ውስጥ ይጨምሩታል፤ ደፍራሹንና የሚጎመዝዘውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ የጠራው ወይን ይቀዳል። «እንቁላሉ ታች ይቀራል» ብዬ ላረጋጋት ሞከርኩ። «ይቀራል፤ ግን ነክቶታል» አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ በየመጠጥ ቤቱ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «እንቁላል አለበት?» ሆነ። አብዛኛው ሰው አያውቅም፤ የማያውቅ ቤት ሲገጥመን እሷ ውኃ ትጠጣለች።

እሑድ፣ መስከረም 26፦ ዶሮዋና ብራናው

እሑድ ከሰዓት ቦዴጋዎች ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ቀኑን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠነው። ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ካቴድራል ውስጥ ከፍ ባለ ያጌጠ ቤት ነጭ አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ በሕይወት ይኖራሉ። ሳይበድል ተሰቅሎ በተአምር በሕይወት ስለተገኘ መንገደኛ ወጣት፣ ተጠብሳ ገበታ ላይ ከቀረበች በኋላ ተነስታ ስለጮኸች ዶሮ የሚነገር አፈ ታሪክ አለ። እኛ ቆመን ሳለ አውራው ጮኸ፤ መንገደኞቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ሳን ሚያን ዴ ላ ኮጎያ። ሁለት ገዳማት አሉት፤ የላይኛው ሱሶ፣ የታችኛው ዩሶ ይባላሉ፤ በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ሱሶ ቦታው የተሰየመለት ቅዱስ ሚያን የኖረበት ዋሻ ላይ የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በራስ መኪና አይወጣም፣ ከታች ትንሽ አውቶቡስ ይወስዳል። እትዬ ዋሻው ጋ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ጠባቂው በምልክት አያስፈልግም አላት፤ አወለቀች እንጂ።

ዩሶ ውስጥ ያየነው የብራና ታሪክ ግን ወይኑን አስረሳኝ። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት እዚህ የነበሩ መነኮሳት የላቲን መጽሐፍ ሲያነቡ፣ የከበዳቸውን ቃል ትርጉም ዳርና ዳሩ ላይ በሚናገሩት ቋንቋ ጻፉ። ስፔኖች ቋንቋቸው መጀመሪያ ከተጻፈባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ኅዳግ ነው ይላሉ፤ ከመካከሉ የባስክ ቃላትም ይገኙበታል። ይህን ስተረጉም እትዬ አልገረማትም። «አንድምታ ነዋ» አለች። ግዕዙን አንብቦ በአማርኛ የሚያብራራ የኔታ ያየ ሰው ለምን ይገረማል።

ሰኞ፣ መስከረም 27፦ ሳን ቪሴንቴ

ሳን ቪሴንቴ ዴ ላ ሶንሲዬራ ጉብታ ላይ የተቀመጠች፣ ግንብ የደፋች፣ ከሥሯ ኤብሮ የሚጠማዘዝባት ትንሽ ከተማ ናት። ከግንቡ ወርደን ለቀማውን በቅርብ ለማየት በእርሻዎቹ መካከል ባለ የጠጠር መንገድ ገባሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳንሄድ የኋላው ቀኝ ጎማ ጎኑ ተቀደደ። የኋላውን ኮፈን ስከፍት ስኮርት የለም፤ ያለው ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ነው፤ ያ ደግሞ ለተቀደደ ጎን አይሠራም። አከራዩ ጋ ደወልኩ፤ ጎማ ኢንሹራንሱ ውስጥ የለም፣ መኪና ማንሻ ከፈለጋችሁ 180 ዩሮ አሉኝ።

እኔ ስልክ ላይ ስከራከር እትዬ ቆሎዋን ይዛ ለቃሚዎቹ ጋ ሄዳለች። ስደርስ ስምንት ሰዎች ከበዋት ይበላሉ። ሁለቱ ከማሊ፣ ሦስቱ ከሴኔጋል፣ ሌሎቹ ከሞሮኮ ናቸው። አንደኛው ማሊያዊ በምትኩ አንድ ዘለላ ሰጣት፤ ቴምፕራኒዮ ነው፣ ስሙ «ቀደም ብሎ የሚደርስ» ከሚለው ቃል የመጣ። ጥቁር፣ ትንንሽ፣ ላዩ ላይ አመድ የመሰለ ነገር ያለው። እትዬ አንዷን ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመቀችና ልጣጩን ለብቻው አኘከችው፤ ከዚያ የውስጧን ዘር ሰበረች። «ጭማቂው ብርዝ ነው፤ ልጣጩ ነው ጌሾው» አለችኝ። በኋላ ያገኘነው ባለ እርሻ ይህንኑ ረዘም አድርጎ ነገረን፤ ቀለሙም፣ ምላስ የሚያስረውም ነገር የሚገኘው ከልጣጩ ነው፤ ጭማቂው ብቻውን ነጭ ነው።

አለቃቀማቸውን ቆሜ አየሁ። በቀኝ እጅ መዳፍ የምታህል ጥምዝ ማጭድ አለች፣ ኮርኬቴ ይሏታል። ግራ እጅ ከዘለላው ሥር ይገባል፣ ማጭዷ አንድ ጊዜ ትሳባለች፣ ዘለላው መዳፍ ላይ ይወድቃል፣ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ተክሉ አጭር ስለሆነ ጀርባ ቀኑን ሙሉ አይቃናም። የጤፍ አጨዳን ያየ ሰው ያን ጎንበስታ ያውቀዋል።

ባለ እርሻው በትራክተር መጣ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። ጎማውን አየ፣ ስልክ ደወለ፣ ጋራዡ ከአሥር ሰዓት ተኩል በፊት እንደማይከፍት በእጁ ምልክት አስረዳን። ከዚያ የእትዬን ክንድ ይዞ ልጁ ወደምትነዳው መኪና አስገባት። ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ከስፔንኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስንገላበጥ ዋልን።

የቤተሰቡ ቦዴጋ ከጉብታው ጎን የተፈለፈለ ነው። በሩ ጋ ሽማግሌው ሻማ ለኮሰና ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበቱ በታች ይዞ ሁለት እርምጃ ገባ። ነበልባሉ ተንቀጠቀጠ፣ አነሰ፣ ጠፋ። እጁን ዘርግቶ አቆመን። ወይኑ ሲፈላ የሚለቀው ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ቱፎ ይሉታል። አይታይም፣ ሳይታሰብ ሰው ይጥላል። በአያቱ ጊዜ በዚሁ ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሌላውን ሊያወጣ ገብቶ አብረው እንደሞቱ ነገረን። ማራገቢያውን ከፍቶ ሩብ ሰዓት ካስጠበቀን በኋላ ሻማው ወለል ድረስ ሲበራ ነው የገባነው።

ውስጥ ያለው ገንዳ እንደ ትንሽ ክፍል ይሰፋል። ዘለላው ሳይፈጭ፣ ከነግንጣዩ ተሞልቶበታል። መፍላቱ የሚጀምረው እያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ ነው፤ ከሳምንት በላይ ቆይቶ በእግር ይረገጥና ይቀዳል። እንዲህ የተሠራው ወይን በርሜል አያይም፤ በዚያው ዓመት ይጠጣል። እትዬ ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፍታ ጆሮዋን የገንዳው ጠርዝ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ሊናገር ሲል ዝም አለና እሱም በሌላው ጎን ጆሮውን ደገፈ። ሁለቱ አዛውንት እንደዚያ ቆዩ። እኔም ሞከርኩ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ፣ ቶሎ ቶሎ የሚፈነዳ ትንንሽ ድምፅ ነው።

«አራተኛ ቀኑ ነው?» አለች። ሽማግሌው ጣቱን አሳያት፤ አምስት። ከዚያ እንዴት እንዳወቀች ጠየቀ። «ጥንስስ መጀመሪያ ይጮሃል፣ ከዚያ ያጉረመርማል፤ ይሄ ሊያጉረመርም ነው» ብላ ስትመልስ ልጅቷ «ማጉረምረም»ን ለመተርጎም ጊዜ ወሰደባት።

የሽማግሌው ሚስት ጦም መሆኑን ስትሰማ ሌላ ድስት ጣደች። የሪዮሃ ድንች የሚታወቀው ቾሪሶ በሚሉት ቀይ የአሳማ ቋሊማ ነው፤ ለእትዬ በደረቅ በርበሬ ብቻ ሠራችው። ድንቹን አትከትፈውም። ቢላውን ግማሽ ድረስ ታስገባና ትገነጥለዋለች፤ ቀጭ ይላል። የተገነጠለው ጎን ሻካራ ስለሆነ መረቁን ያወፍረዋል። እትዬ አጠገቧ ቆማ ሦስት ድንች ገነጠለች፤ ቤቷ እንደዚያው እንደምትሠራ ከአሁኑ አውቄዋለሁ። ወይኑ ያለ ምልክት ጠርሙስ መጣ። እንቁላል አለበት ወይ ተብለው ሲጠየቁ ሴትዮዋ ናት የመለሰችው፦ «እንቁላሉን እንበላዋለን እንጂ ወይን ውስጥ አንጨምረውም።» እትዬ በደስታ ጠጣች። ሐምራዊ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል፣ ገና ያልተረጋጋ ወይን ነው።

አገራችሁ ወይን አለ ወይ አሉን። ዝዋይ አጠገብ ስላለው የወይን እርሻ፣ ከልጅነታችን ጀምሮ በበዓል ገበታ ላይ ስለምናውቃቸው ጉደርና አክሱማይት ነገርኳቸው። ሽማግሌው ደግሞ የወይን ፍሬ ዋጋ ወድቆ ኪሎው የለቃሚውን ቀን እንኳ እንደማይችል፣ ሰው ቀይ ወይን መጠጣት እየቀነሰ እንደሆነ፣ ልጁም በሪዮሃ ዋና ከተማ በሎግሮኞ ቢሮ ውስጥ እንደምትሠራና ለለቀማ ብቻ እንደምትመጣ ነገረን። ይህን ሲናገር ገንዳው ያለበትን በር እያየ ነበር።

ጎማው 95 ዩሮ ፈጀ። ለምሳው ገንዘብ አንቀበልም አሉ። እትዬ የቀረውን ሚጥሚጣ ከነብልቃጡ ሰጠቻቸው፤ እነሱ ሁለት ጠርሙስ። ላጓርዲያ የደረስነው ከመሸ ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28፦ ላጓርዲያ፣ ኤልሲዬጎ፣ ሎግሮኞ

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ፤ ለቀማው ቆሟል። ላጓርዲያ በቅጥር የታጠረች የኮረብታ ከተማ ናት፤ የባስክ ምድር ስለሆነች የመንገድ ስሞቿ በሁለት ቋንቋ ተጽፈዋል። ከቤቶቹ ሥር ከሁለት መቶ በላይ የወይን ዋሻ ተቆፍሯል፤ በዚህ ምክንያት ቅጥሩ ውስጥ መኪና አይገባም። ሻንጣችንን በድንጋይ ንጣፍ ላይ እየጎተትን ወጣን። በሳንታ ማሪያ ዴ ሎስ ሬዬስ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ያሉት ቅርጻ ቅርጾች ቀለማቸው አልለቀቀም፤ እመቤታችን በመሃል ቆማለች። ጽጌ ገብቷልና እትዬ እዚያ ብዙ ቆየች።

ኤልሲዬጎ ውስጥ ያለው ማርኬስ ዴ ሪስካል ከ1858 ጀምሮ የነበረ ቤት ነው፤ ዝናው አሁን በ2006 በተከፈተውና አርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ በነደፈው ሆቴል ነው። ጣሪያው የተጠቀለለ የታይታኒየም ሪባን ነው፤ ሮዙ የወይኑ፣ ወርቃማው የጠርሙሱ መረብ፣ ብርማው የአፉ ሽፋን ቀለም ነው ይላሉ። ዝናብ ላይ ሲያብረቀርቅ ያምራል። ለማደር ግን የእኛ ኪስ አይደለም፤ ከውጭ አይተን ሄድን።

ማታውን ለሎግሮኞ ነው ያቆየነው። ላውሬል የሚባለው ጠባብ መንገድ ግራና ቀኙ መጠጥ ቤት ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የሚታወቅበት አንድ ነገር አለው፤ እዚያ አንዷን በልተህ፣ አንድ ብርጭቆ ጠጥተህ ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ። በጣም የወደድነው ሦስት እንጉዳይ በእንጨት ተሰክቶ፣ በነጭ ሽንኩርት ዘይት ተጥለቅልቆ፣ ዳቦ ላይ የሚቆመውን ነው። አናቱ ላይ ሽሪምፕ አለ፤ ያለ ሽሪምፕ ስንለው ልጁ ሳያቅማማ ሌላ ሠራልን። 2 ዩሮ ናት። ሰዉ ሁሉ ቆሞ፣ እየተገፋፋ፣ እየተሳሳቀ፣ ሕፃን በጋሪ ይዞ ይጠጣል፤ የሰከረ ግን አላየሁም። ጠጅ ቤት ውስጥ ሴት ለብቻዋ ገብታ ብትቀመጥ የሚያያትን ዓይን እትዬ በደንብ ታውቀዋለች፤ ጠጁን የጣለችው እሷ ሆና እንኳ። እዚህ እንደሷ ያሉ ባልቴቶች አራት አምስት ሆነው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ከነሱ ጋር አንድ በርሜል ላይ ተደግፋ ቆመች፤ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ ስመለስ ነጠላዋን አንዷ ትለብሰዋለች።

ረቡዕ፣ መስከረም 29፦ መመለሻ

ዝናቡ እስከ ቢልባኦ አልለቀቀንም። ሰባት ጠርሙስ ይዘናል፤ አምስቱን ከ9 እስከ 26 ዩሮ የገዛናቸው፣ ሁለቱ የሽማግሌው ናቸው። በእጅ ሻንጣ ስለማይፈቀድ ለአንድ ተጨማሪ ሻንጣ 40 ዩሮ ከፈልን። ጠርሙሶቹን በሹራብና በጋቢ ጠቀለልናቸው፤ የኦክ ቁራጯን ግን እትዬ በቦርሳዋ ያዘቻት። ፍተሻ ላይ የተቃጠለ እንጨት ምንድን ነው ተባለች፤ አሸተተችና ለፖሊሱ አቀረበችለት፤ እሱም አሽትቶ አሳለፋት።

ጠርሙሶቹ ሁሉም ደህና ደረሱ።

እትዬ በኅዳር አገሯ ገባች። ጥር ላይ ደወለችልኝ። ቁራጯን አጥባ፣ እንደገና በፍም ለብልባ፣ አንዲት ትንሽ ጋን ውስጥ ከጠጅ ጋር አድርጋት ነበር። «ሦስት ሌሊት አቆየሁት፤ በዛበት፤ ማሩን ዋጠብኝ» አለች። ለፋሲካ አንድ ሌሊት ብቻ ልታደርገው ነው፤ ያም ካልበቃ ሁለት።